የአራተኛ ክፍል ዝምታ

ሸዋንግዛውን የሚያውቁት ሁሉ ቁጡ ሰው ነው ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ቁጣው ግን አብሮት አልተወለደም። እኛ ዘንድ ከመጣ በኋላ ነው የያዘው፤ እንዴት እንደ ያዘውም እኔ በግድግዳ ማዶ ሆኜ ሰምቻለሁ።

ኤላ ዲማ ከነገሌ ቦረና በጭነት መኪና ግማሽ ቀን ወደ ቆላው ወርዳ የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ከተማ ያልኳት ፖሊስ ጣቢያ፣ የዓብዱልወሃብ ሱቅና የሐሙስ የከብት ገበያ ስላላት ነው። ትምህርት ቤቷ አራት ክፍል ነበራት። እኔ አንደኛን አስተምራለሁ፣ ሸዋንግዛው አራተኛን። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ጭቃው ረግፎ ማገሩ ብቻ ስለቀረ፣ እዚያ ማዶ ሲያስነጥስ እዚህ ማዶ ሆኜ «ይማርህ» እለው ነበር።

እኔ የአገሩ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰላሌ በወታደርነት መጥቶ ነገሌ የቀረ፣ እናቴ የዚያው አገር ሰው። ወለተሐና ብለው ስም ያወጡልኝ የአባቴ ወገኖች ናቸው፤ አፌን የፈታሁት ግን በሁለቱም ቋንቋ ነው። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረስኩ አስተማሪ ጠፍቷቸው ቀጠሩኝ። ሸዋንግዛው ግን የሠለጠነ አስተማሪ ነበር። የቡልጋ ልጅ ነው። በአምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ከጭነት መኪና ሲወርድ፣ ከሻንጣው በፊት ያወረደው ጥቅል የሥዕል ወረቀት ነበር። የላም ሥዕል፣ የአውሮፕላን ሥዕል፣ የሰው ጥርስ ሥዕል። ላሟን ያዩ ልጆች እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ፤ ጡቷ ያለ ቦታው ነበር።

ማሠልጠኛው አንድ እምነት አስይዞ ነው የላከው። አስተማሪ ብቻውን የሚለፈልፍበት ክፍል ክፍል አይባልም፤ ተማሪ መጠየቅ፣ መመለስ፣ መከራከር አለበት። ከእሱ በፊት የነበሩት ሽማግሌ አስተማሪ ሁሉን ነገር በዜማ ያስብሉ ነበር። እሳቸው ይላሉ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይደግማሉ፣ ደወል ይደወላል። ሸዋንግዛው ይህን ሲሰማ እጁን አወናጨፈ። «በቀቀን ነው ያሳደጉት» አለኝ። እኔም በልቤ ልክ ነህ አልኩት፤ አሁንም ልክ ነበር እላለሁ። ለዚህ ነው ነገሩ ይበልጥ የሚያናድደኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጎበዞቹን ከፊት፣ ደካሞቹን ከኋላ አድርጎ ክፍሉን አደላደለ። ከዚያ ጠመኔውን ይዞ ቆመና «ማን ይነግረኛል?» አለ። ማንም አልነገረውም። «አትፍሩ፤ የተሳሳተ አይቀጣም» አለ። ዝም። እኔ ከማዶ ሰባ ሕፃናት ሀ ሁ እያስጮህኩ ስለነበር፣ የእሱ ክፍል ዝምታ በእኛ ጫጫታ መካከል ጉድጓድ ሆኖ ይሰማ ነበር።

ያልሞከረው ነገር የለም። ከዓብዱልወሃብ ሱቅ ካራሜላ ገዝቶ መልስ ለሚመልስ እሰጣለሁ አለ፤ ካራሜላው በኪሱ ውስጥ ቀልጦ ሱሪውን አጣበቀው። ክፍሉን ቀይና አረንጓዴ ብሎ ከፍሎ ሊያወዳድር ሞከረ፤ ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ላይ ዝም አለ። ጠጠር ሰብስቦ በጠጠር አስተማረ። ከቤት ውጭ ዛፍ ሥር አስቀምጦ አስተማረ። ተረት ጀምሮ መጨረሻውን እናንተ ጨርሱት አላቸው፤ የዚያ ተረት ቀበሮ እስከ ዛሬ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ቀርታለች። በኅዳር መጨረሻ ደግሞ አርጩሜ ቆረጠ። ማሠልጠኛው አርጩሜ እንደማይወድ ያውቃል፤ ከመታም በኋላ ምሳውን አልበላም። ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ተመቱ፣ ዝም ብለው ተቀመጡ።

«ውሃ ቢወቅጡት ያው እንቦጭ» ይለኝ ነበር በየምሳ ሰዓቱ፣ የእኔ ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጦ። «እንቦጭ እንኳ ቢሉኝ ደስ ባለኝ።»

ፈተናውን ግን በጽሑፍ ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ያልፋሉ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳው። ቢደነቁሩ ይተዋቸው ነበር። እያወቁ ነው ዝም የሚሉት፤ እያወቁ ዝም ማለታቸውን ደግሞ ንቀት አድርጎ ወሰደው። በቡልጋ አያቱ ፊት ቆሞ ሲጠየቅ ያልመለሰ ልጅ ወይ ደደብ ነው ወይ ባለጌ፤ ሦስተኛ ነገር አያውቅም።

ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለው የጉያቱ ዝምታ ነበር። ጉያቱ የዱባ ልጅ ናት፤ ዱባ ከከተማው ዳር የሚኖር ቆዳ ነጋዴ ነው። አንደኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሂሳብን በጣቷ ቆጥራ አታውቅም፤ ጥያቄውን ጨርሼ ሳልናገር መልሱ ዓይኗ ላይ ይነበባል። በዕረፍት ሰዓት ወደ እኔ ክፍል ትመጣና ሕፃናቱን ሰብስባ ታስተምራለች፤ እዚያ ስትሆን አፏ አይዘጋም፣ ትቆጣለች፣ ታሾፋለች፣ የእኔን አነጋገር እያስመሰለች ታስቀኛለች። ደወል ተደውሎ ወደ አራተኛ ክፍል ስትገባ ግን ከንፈሯ እንደ ተሰፋ ነው። ሸዋንግዛው ይህን አንድ ቀን በማገሩ ቀዳዳ አየ። ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም፤ ድምፅዋን እኔ የሰረቅኩበት መስሎት ነው መሰለኝ።

ጉዳዩ የአስተማሪ ኩራት ብቻ ቢሆን እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። ግን በዚያ ዓመት አምስተኛ ክፍል ሊከፈት ነበር። ለሁለት ትንንሽ ከተሞች አንድ አምስተኛ ክፍል ነው የተፈቀደው፤ ለእኛ ወይም ከእኛ ወዲያ ላለችው። ዳይሬክተራችን አቶ ወልደሚካኤል ጠርተው ነገሩን። ኢንስፔክተር በመጋቢት ይመጣል፣ የሁለቱንም አራተኛ ክፍል ያያል፣ የተሻለው ያገኛል። ያላገኘው ከተማ ልጆች ነገሌ ወጥተው ዘመድ ቤት ተጠግተው ይማራሉ፤ ዘመድ የሌለው ይቀራል።

ዱባ ነገሌ ዘመድ የለውም። ይህን በገዛ አፉ ነግሮኛል። ትምህርት እዚህ እስካለ ትማር፣ አልከለክልም፤ ሴት ልጄን ግን ሰው ቤት አልጥልም አለኝ። የሁቃ ቤተሰብ ለወንድ ልጃቸው ጠይቀዋታል። እንደ አገሩ ወግ ትምባሆ ልከዋል፣ የተቀበለ ልጁን ሰጠ ማለት ነው፤ ዱባ ትምባሆውን አልተቀበለም፣ አልመለሰምም፣ ደጅ አንጠልጥሎት ነበር። ጉያቱ ዕድሜዋ አሥራ አራት ቢሆን ነው። አስተማሪ መሆን ነበር የምትፈልገው፤ እንደ እኔ ያለ ስምንተኛ ክፍል አስተማሪ ሳይሆን እንደ ሸዋንግዛው ዲፕሎማ ያለው። ይህንንም ነግሬው ነበር። «ታዲያ ትናገራ!» አለ፤ ጠመኔውን ግድግዳው ላይ ወርውሮ ሰበረው።

የካቲት ላይ አንድ ነገር ሆነ። ድርቁ ሲበረታ የጉድጓድ ሥራ ይመጣል። እዚያ አገር ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፤ ጎረምሶች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን በዕቃ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ከአራተኛ ክፍል ለዚህ ሥራ የሚበቃው ጃታኒ ብቻ ነበር። ጃታኒ ማለት ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው፣ ጺሙ ያቀመቀመ ልጅ ነው። አባቱ ዳዳቻ ከብት ካስጠበቀው በኋላ ዘግይቶ ነው የላከው፤ አሥራ ስምንት ሳይሞላው አይቀርም። ክፍልፋይ ቁጥር አይገባውም፣ ንባቡም ይንፏቀቃል፤ ሸዋንግዛው በመጀመሪያው ሳምንት ከበሩ አጠገብ አንስቶ ወደ ኋላ ያዞረው ለዚያ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም። ዝናብ ሲጥል ሕፃናቱን አንድ በአንድ ተሸክሞ ጎርፉን ያሻግራቸዋል። ልጆቹም ከውሃው በርሜል ጃታኒ ሳይጠጣ አይጠጡም፣ ከክፍልም እሱ ሳይወጣ አይወጡም። ይህን በየቀኑ አያለሁ፤ የዚያ አገር ወግ ነውና አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። የገዛ ጥርሴን አየሁ ብዬ አልደነቅም እኮ።

ጃታኒ ለጉድጓድ ሥራ ሄደ። በማግስቱ ከማዶ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የሱቁ ባለቤት ልጅ ዓብዱልመጂድ መለሰ፤ ከጃታኒ ቀጥሎ ትልቁ እሱ ነው። ከዚያ ሌላው መለሰ። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ ፈነዳ። «ጋሼ! ጋሼ!» ይላሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ የጉያቱ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። እኔ ሕፃናቱን ዝም አሰኝቼ አዳመጥኩ። ሸዋንግዛው ሲወጣ ፊቱ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ነበር፣ እጄን ይዞ «ሰማሽ? ሰማሽ ወይ?» አለኝ። ያን ሳምንት የሠርጉ ሳምንት አስመሰለው። ለአቶ ወልደሚካኤል ሳይቀር ዘዴው አሁን ፍሬ ያዘ ብሎ ነገራቸው።

ጃታኒ ተመለሰ። ክፍሉ እንደገና ተዘጋ።

ሰው በጣም ሲናደድ ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን ቶሎ ያገኘዋል፤ አራቱ የምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ሸዋንግዛው ደረሰበት። ይህ ጎረምሳ ልጆቹን እያስፈራራ አፋቸውን ይዞባቸዋል አለ። እሱ ስለማያውቅ ሌላው እንዲያውቅ አይፈልግም፤ ሜዳ ሲወጡ እየመታቸው ነው። ሲመታ አይቼ አላውቅም አልኩት። «አንቺ ምን ታያለሽ፤ የአገርሽ ልጅ ነው» አለኝ። ይህ ቃሉ አስቀየመኝ፤ ሁለት ቀን በመስኮቴ ላይ እንዳይቀመጥ አደረግሁት።

ኢንስፔክተሩ ነገ ይገባል የተባለ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሸዋንግዛው ጃታኒን ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አቆመው። ምን ትላቸዋለህ ብሎ ጠየቀው። ጃታኒ ምንም አልልም ለማለት ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ወደ ክፍሉ ዞረና ይመታችኋል ወይ? አለ። ዝም። ትፈሩታላችሁ ወይ? ዝም። እንግዲህ ልጁ ከፊታቸው ቆሞ ነው የጠየቃቸው፤ ዝምታቸውን ማስረጃ አደረገው። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ክፍል እንዳትረግጥ፤ ውጣ» ሲለው በማገሩ በኩል ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ጃታኒ አልተከራከረም። ጥግ ያቆመውን ዱላውን አንስቶ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። ልጆቹ ደወል እስኪደወል አልተንቀሳቀሱም። እኔ ለአቶ ወልደሚካኤል ነገርኳቸው። እሳቸውም ጎልማሳ ነው፣ ቢቀር ምን ይጎዳል፣ ነገ ያልፋል አሉኝ። እሳቸው ኢንስፔክተሩ የሚያርፍበትን ፍራሽ እያሰቡ ነበር።

በማግስቱ ልጆቹ ታጥበው፣ ቅቤ ተቀብተው መጡ። ጃታኒም መጣ። ቀርቶ አያውቅም፣ የት ይሂድ? ግቢ ግን አልገባም። ከአጥሩ ውጭ ያለችው ግራር ሥር፣ ልክ በአራተኛ ክፍል መስኮት ትይዩ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ሸዋንግዛው አይቶታል፤ ሂድ ለማለት ጊዜ አልነበረውም፣ የኢንስፔክተሩ ላንድሮቨር አቧራውን እየጎተተ ደርሷል።

ኢንስፔክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን እሱን እየረገምኩ እኖር ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ልጆቹን በኦሮምኛ ሰላምታ አካም አላቸው፤ ያቺን አንዲት ቃል መንገድ ላይ ተምሯት ነው። ልጆቹም በአንድ ድምፅ «ናጋ!» አሉት፤ ሸዋንግዛው ትንፋሹ መለስ አለ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ሂሳብ ጠየቀ። ግማሽና ሩብ ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ? ጃታኒ በሌለበት ሳምንት የመለሱት ጥያቄ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ደግሞ ጠየቀ። ዓብዱልመጂድን በጣቱ አመለከተው፤ ዓብዱልመጂድ ተነሥቶ ቆመ፣ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየ፣ ተቀመጠ። ጥያቄውን አቀለለው። የአገራችን ዋና ከተማ ማን ናት? ዝም። ስምህ ማነው? ዝም።

«አማርኛ አይሰሙም እንዴ?» አለና ዳይሬክተሩን አየ። አቶ ወልደሚካኤል ሮጠው እኔን ጠሩኝ፣ በኦሮምኛ አስረጂያቸው አሉኝ።

እንዲህ ነው እዚያ ክፍል የገባሁት። ሸዋንግዛው ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። በዓይኑ ጉያቱን አሳየኝ። እሷን ጠየቅኋት። ግማሽና ሩብ፣ ኢንተላ ኮ፤ ልጄ፣ ታውቂዋለሽ፣ ለእኔ ብለሽ ተናገሪ አልኳት። ተነሥታ ቆመች። እኔን አየች። ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ነበር፤ አንዴ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። በቁጣ መጮህ አማረኝ። መልሱ እኮ ሦስት ሩብ ነው፣ ሁለት ቃል!

ኢንስፔክተሩ ጥቂት ጻፈ። ሲወጣ ለሸዋንግዛው በትሕትና «ልጆቹ ገና ናቸው፣ አይዞህ» አለው። ሰው ሲሰድበው ያን ያህል አይጎዳውም።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሸዋንግዛው ልጆቹን አሰናብቶ ጉያቱን አስቀራት። እኔም ቀረሁ። ይመታታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጉልበት እንኳ አልነበረውም። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መልሱን ታውቂው ነበር ወይ አላት። «ሦስት ሩብ ነው፣ ጋሼ» አለች።

«ታዲያ ምን ልሁን ብለሽ ነው?»

ጉያቱ መሬት መሬቱን እያየች ነገረችው። ጃታኒ ሃንጋፋችን ነው አለች፣ ታላቃችን። ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም። እሱ አንዲት ነገር ካለ በኋላ ሁሉም መናገር ይችላል፤ ጋሼ ግን አንድም ቀን እሱን ቀድመው አልጠየቁትም። ለጉድጓድ ሥራ የሄደ ጊዜ እኔ እስክመለስ አንተ ተናገር ብሎ ለዓብዱልመጂድ ተራውን ሰጥቶት ሄደ፤ ስለዚህ ተናገርን። ትናንት ግን ለማንም ሳይሰጥ ነው የወጣው።

«አንቱ አስወጡት» አለች። «ታላቃችን በደጅ ተጥሎ እኛ በቤት ውስጥ እንዴት እናወራለን?»

ሸዋንግዛው ለምን አልነገራችሁኝም ብሎ ጮኸ። አልጠየቁንም አለች። ይመታችኋል ወይ ብለው ነው የጠየቁን፤ አይመታንም።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህን ክፍል ካጣን በአንቺ ላይ ምን እንደሚመጣ ታውቂ ነበር ወይ? ብሎ ጠየቃት።

«አባቴ ነግሮኛል» አለች።

እኔ ወጥቼ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ በእርግጫ መታሁት፤ ጭቃው ረገፈ፣ እግሬም አበጠ። ማንን ልቆጣ? ስድስት ወር ሙሉ ካራሜላና አርጩሜ ያፈራረቀው ሰው፣ አንዲቱን ነገር ብቻ አልሞከረም። እኔም ብሆን ከዚያ ወግ ውስጥ ተወልጄ፣ ወግ ከክፍል በር ውጭ የሚቀር መስሎኝ ኖሬያለሁ። ልጆቹስ? አንዳቸው እንኳ ነገሩ እንዲህ ነው ብለው ሹክ ቢሉን ምን ነበረበት! ግን ዓሣ ውሃ ውስጥ ነኝ ብሎ ይናገራል?

ሸዋንግዛው በዚያው ሰዓት ወደ ግራሩ ሄደ። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ጃታኒን በእጁ ይዞ ሲመለስ ነው ያየሁት። በማግስቱ ጠዋት ከበሩ አጠገብ ከፊት አስቀመጠውና፣ ጃታኒ ዛሬ ምን እንማር? አለው። ጃታኒ አሰብ አድርጎ «ያሉትን፣ ጋሼ» አለ። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ያ ክፍል እስከ ሰኔ ድረስ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ከጫጫታው የተነሣ የእኔ ሕፃናት ሀ ሁ ጠፋቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በየቀኑ ከማዶ ከሁሉም በላይ የሚሰማኝ የጉያቱ ድምፅ ነበር።

ሸዋንግዛው ከዚያ በኋላ በዶሎም፣ በነገሌም፣ በሌሎች የቆላ ከተሞችም እስከ ስልሳ ስድስት ድረስ አስተምሯል። አዲስ ክፍል በገባ ቁጥር በመጀመሪያ «ታላቃችሁ ማነው?» ይላል ብለው አስተማሪዎች ያሾፉበት ነበር፤ የእሱ ተማሪዎች ግን ይናገሩ ነበር። ጥሩ አስተማሪ ወጣው። ለጉያቱ ግን ይህ ምን ይሠራላታል?

አምስተኛው ክፍል ለሌላኛዋ ከተማ መሰጠቱ በሰኔ ተሰማ። ሸዋንግዛው አላመነም። ነገሌ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዶ ለመናቸው፣ ልጆቹን መጥታችሁ አንዴ ስሟቸው አላቸው፤ ተወስኗል አሉት። ሲመለስ ዱባን እናናግር አለኝ። ነገሌ ያለችው አክስትሽ ቤት ትቀመጥ፣ ወጪዋን እኔ እችላለሁ፣ አንቺ ንገሪው አለኝ። ዱባ አማርኛው ለገበያ ያህል ነበርና አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ። ደጁ ላይ ስንደርስ የተንጠለጠለው ትምባሆ የለም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሸዋንግዛው ግን አላወቀም።

ዱባ በደስታ ተቀበለን። ቁርበት አነጠፈ፣ ጉያቱ ወተት አመጣች። ሸዋንግዛው ልመናውን ጀመረ፣ እኔ ተረጎምኩ። ልጅቷ ብርቅ ናት፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም፣ በዚያ ቀን ዝም ያለችው ሳታውቅ ቀርታ አይደለም አለ። ዱባ ሰማሁ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ታሪኩን አገሩ ሁሉ እንደ ሰማው ነገረን። የዱባ ልጅ መንግሥት ፊት ቆማ፣ የራሷን ጥቅም ትታ ታላቋን አከበረች ተብሎ በየጉድጓዱ እየተወራ ነው። የሁቃ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ከፊት ይልቅ አጥብቀው ለመኑት። የጥሎሹን ከብት ነገርም እንዳልከው ይሁን አሉት። እንዲህ ያለች ልጅ ቤት ታቆማለች አሉ። እሱም ትምባሆውን ተቀበለ። ሠርጉ ዝናቡ ሲመለስ ነው።

ከዚያ ወደ ሸዋንግዛው ዞሮ እጁን በሁለት እጁ ያዘውና ረጅም ንግግር ተናገረ። ሸዋንግዛው ምን አለ እያለ ያየኛል። ጉያቱ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ እሷ ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች፣ ስለዚህ መዋሸት አልችልም።

«አመሰግንሃለሁ ነው የሚለው» አልኩት። «ልጄን እኔ ወለድኳት፣ እንዲህ አድርጎ ያሳደጋት ግን የእናንተ ትምህርት ቤት ነው ይላል።»

ሸዋንግዛው ወተቱን እስከ መጨረሻው ጠጣ። ጉያቱ ባዶውን ጮጮ ከእጁ ተቀብላ ወጣች።